እንቅስቃሴ ታይቷል

የአዲስ አበባ አጥር ብዙ ዘመን አይቷል። ድሮ የተሰባበረ ጠርሙስ በግንቡ አናት ላይ በሲሚንቶ ይተከል ነበር፤ አረንጓዴው የአምቦ ውሃ፣ ቡናማው የቢራ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ማማሩ አይካድም፤ ሌባ መመለሱን ግን እንጃ። ቀጥሎ እሾሃማ ሽቦ መጣ። ከሽቦው ጋር «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ቆርቆሮ በየበሩ ተሰቀለ፤ ውሻ የሌለው ግቢም ቆርቆሮውን አልተወም። ዛሬ ደግሞ አንዲት ነጭ ካሜራ ከበሩ ጥግ ተንጠልጥላ አላፊ አግዳሚውን ትገላምጣለች።

ኮተቤ፣ ከየካ ተራራ ሥር ባለ አንድ ግቢ ካሜራዋ የገባችው በልጅ ትእዛዝ ነው። ልጅቱ የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የጎረቤት የውሃ ፓምፕ በሌሊት ተፈትቶ መወሰዱን በስልክ ሰማች፤ ብዙም ሳይቆይ ካሜራ በመንገደኛ ሻንጣ ከተፍ አለ። አባወራው፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው ጡረተኛ መምህር፣ ነገሩን አልወደዱትም።

«ዘበኛ አለ። ቡቺ አለ። እናትሽ አለች። ከእናትሽ ዓይን ያመለጠን ሌባ ካሜራ ምን ያደርገዋል?»

«አባዬ፣ እናንተ ስትተኙ እሷ አትተኛም። የሆነ ነገር ከተንቀሳቀሰ ወዲያው ስልክህ ላይ መልእክት ይመጣል። እኔም ጋ ይመጣል።»

ያ «የሆነ ነገር» ምን ምን እንደሚያጠቃልል ያን ቀን የጠየቀ አልነበረም።

ካሜራዋን ሊገጥም ከመርካቶ የመጣው ልጅ መሰላሉን ሲያቆም ሥራው ቡና እስኪፈላ የሚያልቅ መስሎት ነበር። ግድግዳው አላስቸገረውም፤ ያስቸገረው ዋይፋዩ ነው። የዛሬ ራውተር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሞገድ ይለቃል፤ አንዱ 2.4፣ ሌላው 5 ጊጋኸርዝ ነው። አምስቱ ፈጣን ነው፤ ግን ግንብ አይደፍርም። ሁለት ነጥብ አራቱ ዘገምተኛ ነው፤ ግን ግድግዳ አልፎ ጓሮ ይደርሳል፤ ቺፑም ይረክሳል። በዚህ የተነሳ ብዙዎቹ የቤት ካሜራዎች 2.4ን እንጂ ሌላ አያውቁም። የጋሼ ስልክ ደግሞ የተገናኘው በአምስቱ ነው። ልጁ መሰላል ላይ ቆሞ፣ በስልኩ መስታወት ላይ ያለውን ኪው አር ኮድ ለካሜራዋ እያሳየ፣ «እስቲ አሁን እይው፣ በደንብ እይው» እያለ ሲለማመጣት ካሜራዋ በሴት ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ ተናገረች።

የጋሼ ባለቤት እትዬ ከማድቤት ብቅ አሉ። «ማን ናት?»

«ካሜራዋ ናት ማዘር። ዋይፋይ አጣሁ ነው የምትለው።»

«ገና ሳትገባ ማማረር ጀመረች?» አሉና ወደ ወጣቸው ተመለሱ።

የመጀመሪያዋ ሌሊት ለውሻው ለቡቺ የሠርግ ያህል ነበረች። ቡቺ ከበር ወደ ጓሮ ሲሄድ፣ ስልኩ ጮኸ። ከጓሮ ወደ በር ሲመለስ፣ ጮኸ። የጎረቤት ድመት በግንቡ ላይ አለፈች፣ ጮኸ። የኮባው ቅጠል በነፋስ ዘንበል አለ፣ ጮኸ። መልእክቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እንቅስቃሴ ታይቷል»። ይኸው መልእክት በዚያው ቅጽበት ሲልቨር ስፕሪንግም ይደርሳል። እዚያ በእነሱ በጋ ሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ ልጅቱ ገና ሥራ ላይ ናት፤ ደንግጣ ደወለች።

«አባዬ! ግቢ ውስጥ የሆነ ነገር አለ!»

«አለ እንጂ። እኔ አለሁ። ልተኛበት።»

ካሜራዋ እውነት ለመናገር ሌባ አታውቅም። ሰውም አታውቅም። የምታውቀው ልዩነትን ነው። ፉል ኤችዲ የሚባለው ሥዕል በአግድም 1920፣ በቁም 1080 ነጥብ አለው፤ ተባዝቶ ከ2 ሚሊዮን ያልፋል። ተራው የእንቅስቃሴ መለያ ዘዴ የአሁኑን ሥዕል ከጥቂት ቅጽበት በፊት ከነበረው ጋር ያስተያያል፤ ብርሃናቸው የተለወጠው ነጥቦች ከተወሰነ ልክ ካለፉ «አለ» ይላል። በዚህ ሒሳብ ደመና ፀሐይዋን ሲሸፍን ግቢው በሙሉ ተንቀሳቅሷል። የመኪና መብራት በበሩ ስንጥቅ ሲገባ ግድግዳው ሮጧል። ገመድ ላይ ተረስቶ ያደረው የጋሼ ቱታ ነፋስ ሲሞላው እጅና እግር አውጥቶ ከማንም ሌባ ይበልጥ ይራመዳል። የሐምሌ ዝናብ ደግሞ ከሰማይ የወረደ ሠራዊት ነው።

የካሜራ መልእክት በሰዓት መወሰን ይቻላል፤ ጋሼም ወሰኑ። ማንቂያው ከማታ 12 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ሰዓት እንዲሠራ ፈልገው፣ አፑ «ፒኤም» እና «ኤኤም» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ማታውን «12 ፒኤም»፣ ጠዋቱን «12 ኤኤም» ብለው ሞሉት። በአበሻ አቆጣጠር እንከን አይወጣለትም። በፈረንጅ ሰዓት ግን 12 ፒኤም እኩለ ቀን ነው፤ 12 ኤኤም እኩለ ሌሊት። ካሜራዋ ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ሻጩን፣ ቆጣሪ አንባቢውን፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰውን ሕፃን ሁሉ ስትናገር ትውልና ሲመሽ፣ ልክ ሌባ ጫማውን በሚያስርበት ሰዓት፣ ዝም ትላለች።

መርካቴው ልጅ ተጠርቶ መጣና ወደ «6 ፒኤም» እና «6 ኤኤም» ለወጠው። አሁንም አልሆነም። ጩኸቱ ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሮ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ይቆማል። ልጁ ራሱን ሲያክ ቆይቶ ነገሩ ገባው፤ ካሜራዋ ከፋብሪካ ስትወጣ የተሞላላት የቤጂንግ ሰዓት ነው። ቤጂንግ ከአዲስ አበባ አምስት ሰዓት ትቀድማለች፤ እዚያ ከምሽቱ 12 ሲሆን እዚህ ከቀኑ 7 ነው። በዝርዝሩ ውስጥ አዲስ አበባን ፈልጎ ቢያጣ ሰዓታችን አንድ የሆነውን ናይሮቢን መረጠና ችግሩ ተፈታ።

ጋሼ ነገሩን ሲያጠቃልሉት፣ «ሰዓቷ የቻይና፣ ስሟ የናይሮቢ፣ ቋንቋዋ የእንግሊዝ፣ ዋጋዋ የአሜሪካ» አሉ። «ከእኛ የምትወስደው መብራት ብቻ ነው፤ እሱም እየጠፋ።»

ማታ ማታ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከሌንሷ ዙሪያ የተደረደሩት ትንንሽ መብራቶች ለሰው ዓይን የማይታይ ጨረር ይለቃሉ፤ ብዙውን ጊዜ 850 ናኖሜትር ነው፤ ጠጋ ብሎ ያያቸው ሰው ደብዘዝ ያለ ቀይ ፍም ያገኛል። በዚህ ጨረር ካሜራዋ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ታያለች። ነገር ግን ሌንሱ አጠገብ የምትበር የእሳት ራት ጨረሩን መልሳ ስታበራው እንደ ኳስ የሚንሳፈፍ ነጭ ብርሃን ትመስላለች። ሸረሪትም ሙቀቱንና ትንኙን በአንድ ቦታ ስለምታገኝ እዚያው ጎጆ ትቀልሳለች፤ ድሯ ሲወዛወዝ ከዳር እስከ ዳር የሚርገበገብ ነጭ ነገር በስልኩ መስታወት ላይ ይመጣል።

እትዬ ይህን በጋሼ ስልክ ላይ ያዩ ሌሊት ሦስቴ አማተቡ። ሲነጋ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጸበል በጆግ ይዘው፣ መሰላሉ ግርጌ ቆመው ካሜራዋን ከላይ እስከ ታች አጠመቋት። የካሜራዋ ካርቶን ላይ «አይፒ66» የሚል ተጽፎ ነበር፤ አቧራ የማታስገባ፣ ከየትኛውም አቅጣጫ በኃይል የሚረጭ ውሃ የምትችል ማለት ነው። ጸበሉንም ቻለች። ድሩ ታጥቦ ወረደ፤ የሚርገበገበው ነጭ ነገርም በዚያው ቀረ። እትዬ በዚህ ጉዳይ ላይ ከማንም ጋር ክርክር አይገጥሙም።

ጋሼ ግን እስከዚያው ጆሯቸው ደንድኗል። መጀመሪያ ስልኩ በጮኸ ቁጥር መነጽር ፈልገው ያዩ ነበር። ከዚያ ያለ መነጽር ማየት ጀመሩ። ከዚያም ሳያዩ በአውራ ጣት መጥረግ። በመጨረሻ ስልኩ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ማደር ጀመረ። በዚያ ሰሞን ሌባ ግቢው ውስጥ ገብቶ ኳስ ቢጫወት የሚሰማው ልብሱ ነበር።

ይህ የጋሼ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሆስፒታሎችን ጥራት የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ከሕሙማን መቆጣጠሪያ መሣሪያዎች ጩኸት ከ85 እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ምንም የሕክምና እርምጃ የማይጠይቅ ነው ብሏል። ነርሶቹ ከብዛቱ የተነሳ ይለምዱታል፤ ድምፁን ይቀንሱታል፤ አንዳንዴም ይዘጉታል። ኮሚሽኑ ከጥር 2009 እስከ ሰኔ 2012 ከዚህ ጋር የተያያዙ 98 አደጋዎች ተመዝግበውለት ነበር፤ 80ዎቹ በሞት ያለቁ ናቸው። የሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስም በቤት ማንቂያዎች የሐሰት ጥሪ ተማርሮ፣ ከ2000 ጀምሮ አንድ ሰው ሄዶ ነገሩን በዓይኑ ካላረጋገጠ በቀር ለማንቂያ ደወል ብቻ መኪና አላስነሳም ብሏል። አሜሪካ እንዲህ ስታደርግ የጋሼ ብርድ ልብስ ምን ይፈረድበታል?

የሚገርመው የቤት ካሜራ ሲጀመር እንዲህ ለፍላፊ አልነበረም። ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ ጃማይካ በሚባል ሰፈር የምትኖር ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን የምትባል ነርስ፣ የሥራ ሰዓቷ የማይታወቅ፣ ብዙ ጊዜም ቤት ብቻዋን የምታድር ነበረች። የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ከሆነው ባለቤቷ ከአልበርት ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1966 ለፈጠራ መብት አመለከተች፤ ታኅሣሥ 2 ቀን 1969 ተሰጣት። በሩ ላይ ረጅሙንም አጭሩንም እንግዳ የሚያሳዩ አራት ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ካሜራው ከአንዱ ወደ ሌላው ሽቅብ ቁልቁል ይንሸራተታል፤ ምስሉ መኝታ ቤት ባለ ቴሌቪዥን ላይ ይወጣል። በማይክሮፎን «ማነህ?» ማለት ይቻላል። ወዳጅ ከሆነ አንዱን ቁልፍ ተጭኖ በሩን መክፈት፣ ካልሆነ በሌላው ማንቂያ መልቀቅ። ሁሉም ነገር የሚጀምረው በር ሲንኳኳ ነው። የኩዊንስ ድመት ባለፈች ቁጥር ማሪ ብራውንን ከእንቅልፏ የሚቀሰቅስ ነገር አልነበረውም።

ሌላዋ ታዋቂ ካሜራ ደግሞ የምትጠብቀው ቡና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተመራማሪዎች ደረጃ አልፈው ሲመጡ ማንቆርቆሪያው ባዶ እየሆነ ሲያናድዳቸው፣ ትሮጃን ሩም በሚባለው ክፍል ካሜራ አቆሙበት። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ፣ በአግድም 128፣ በቁም 128 ነጥብ ብቻ፣ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል የሚታደስ ነበር። ከ1993 ጀምሮ በኢንተርኔት ተለቀቀና ዓለም ሁሉ የካምብሪጅን ቡና ያይ ጀመር። በ2001 ሲዘጋ ማንቆርቆሪያው በጨረታ ቀርቦ የጀርመኑ ሽፒገል ኦንላይን በ3,350 ፓውንድ ገዛው። ጋሼ ይህን ለእትዬ ሲተርኩላቸው እትዬ ፍሙን እያራገቡ፣ «ጀበና አጠገቡ ቁጭ ተብሎ ነው የሚጠበቅ» አሉ። «እነሱ ደረጃ መመላለስ ሰልችቷቸው ነው።»

ልጅቱ በመጨረሻ አንድ እሑድ ቁጭ ብላ በቪዲዮ ስልክ አባቷን አስተማረች። ሥራው ካሜራዋ ምን እንድትናገር ማዘዝ ሳይሆን ምን እንዳትናገር መንገር ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ የስሜቷን ልክ ከ«ከፍተኛ» ወደ «መካከለኛ» አወረዱት፤ በዚያው የእሳት ራቷ ከሥራ ተሰናበተች። ቀጥሎ ክልል ማስመር መጣ። አፑ የግቢውን ሥዕል ያሳያል፤ በጣት እየነኩ «እዚህ ውስጥ የሆነውን ንገሪኝ፣ ከዚህ ውጭ ያለውን ተይው» ይሏታል። ጋሼ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸውና ይህን ወደዱት። የኮባውን ቅጠል ከክልል አስወጡ። የልብስ ገመዱን አስወጡ። የቡቺን ጎጆ እንደ ደሴት ከበው ተዉት።

«አባዬ፣ የጎረቤቱ በርም ገብቷል። እሱንም አውጣው።»

«እሱ ይቆይ። ፓምፑ የተሰረቀው ከሱ ቤት አይደለም?»

እዚህ ላይ ነገር ተነሳ። ጎረቤትየው ካሜራዋ ወደ በራቸው መዞሯን አይተው ኖሯል፤ በእድር ስብሰባ ላይ «ስንት ሰዓት እንደምገባ የሚመዘግብልኝ ሰው አግኝቻለሁ» ብለው ወጋ አደረጉ። ጋሼ ሳቁ እንጂ አልተመቻቸውም። እንዲህ ያለው ነገር አውሮፓ ውስጥ ፍርድ ቤት ደርሷል። አንድ የቼክ ሰው የቤቱ መስኮት በተደጋጋሚ ሲሰበርበት ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ካሜራ ሰቀለ፤ ካሜራው የራሱን በር፣ የሕዝቡን መንገድና የፊት ለፊቱን ቤት መግቢያ ያያል። እ.ኤ.አ. በ2007 መስኮቱ እንደገና በወንጭፍ ሲሰበር ቀረጻውን ለፖሊስ ሰጠ፤ ሁለት ተጠርጣሪዎችም ተለዩ። አንደኛው ግን «መጀመሪያስ ማን ቅረጸኝ አለህ?» ብሎ ተከራከረ። ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ሄዶ በታኅሣሥ 2014፣ የሕዝብ መንገድ የሚያይ ካሜራ የግል የቤት ውስጥ ጉዳይ ነው ተብሎ ከመረጃ ጥበቃ ሕግ ሊያመልጥ አይችልም ተባለ። ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። ጋሼ አዋጁን አልጠበቁም፤ ካሜራዋን ጥቂት ወደ ቀኝ አዞሯት፤ ጎረቤትየውም በዚያው ሳምንት የተነቀለው ፓምፕ የነበረበትን ቦታ ለጋሼ ራሳቸው አስጎበኟቸው።

ሦስተኛው ትእዛዝ «ሰው ሲሆን ብቻ ንገሪኝ» የሚለው ነው። አዳዲሶቹ ካሜራዎች የነጥብ ልዩነት ከመቁጠር አልፈው፣ በብዙ ፎቶ የሠለጠነ ፕሮግራም ይዘው የተንቀሳቀሰው ሰው ነው፣ መኪና ነው ወይስ እንስሳ ብለው ይለያሉ። ይህ ትእዛዝ በገባ ሰሞን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከየካ ጫካ የወረደ ጅብ ቆሻሻ ለመጎርጎር በሩ ላይ መጣ። ቡቺ፣ ለሰው ሁሉ የሚጮኸው ቡቺ፣ ጎጆው ውስጥ ገብቶ ትንፋሹን ዋጠ። ጋሼን ማንም አልቀሰቀሳቸውም። ጠዋት መዝገቡን ሲከፍቱ፣ ያ ጎባጣ ትከሻ፣ ያ የሚያበራ ዓይን፣ ከሥሩም የአፑ ማብራሪያ፤ «የቤት እንስሳ ታይቷል»።

ካሜራዋ ላይ መፍረድ ይከብዳል። እንዲህ ላሉ ፕሮግራሞች ማሠልጠኛ በዓለም ላይ ስሙ ከሚጠራው የፎቶ ስብስብ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ኮኮ ነው። ኮኮ 80 ዓይነት ነገር ለይቶ ያስተምራል። ውሻና ድመት አሉበት፤ በግ፣ ላምና ፈረስ አሉበት፤ ዝሆን፣ ድብ፣ የሜዳ አህያና ቀጭኔም አሉበት። ጅብ የለም። ኮተቤ በር ላይ ቀጭኔ ቢቆም ኖሮ በስሙ ይጠራ ነበር።

ለጓሮ የተጨመረችው ሁለተኛዋ ካሜራ ደግሞ ሌላ ዓይነት ናት፤ በሶላር የምትሠራ፣ ሲም ካርድ የምትጎርስ። ባትሪ ለመቆጠብ ስትል ትተኛለች፤ የሚቀሰቅሳት ፒአይአር የሚባል ሙቀት የሚሰማው መሣሪያ ነው። የሰው ገላ ሁልጊዜ የሙቀት ጨረር ይለቃል፤ ሞገዱ በ10 ማይክሮሜትር አካባቢ ይበረታል። ከመሣሪያው ፊት ያለው ነጣ ያለ ፕላስቲክ፣ ፈረንሳዊው ፍሬኔል በ1820ዎቹ ለመርከብ መሪ መብራት የሠራው ሌንስ ዘር ነው፤ ጓሮውን በብዙ ክፍል ይከፋፍለዋል። ሞቃት ነገር ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሻገር ካሜራዋ ትነቃለች። በጎን የሚያልፈውን ቶሎ ትይዘዋለች፤ ፊት ለፊት ወደ እሷ የሚመጣውን ትዘገይበታለች፤ ቁጭ ያለውን ግን ከነመኖሩም አታውቀውም።

በዚህ የተነሳ ከዘበኛው ጋር ቅያሜ ተፈጠረ። ጋሼ የጓሮውን መዝገብ ቢያገላብጡ ዘበኛው ማታ 12 ሰዓት ሲገቡ ታይተዋል፤ ጠዋት ሲወጡ ታይተዋል፤ በመሀል ሌሊቱን ሙሉ የሉም። ጠርተው ጠየቋቸው። ዘበኛው ድርብ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ያ ጋቢ የገላቸውን ሙቀት ለራሳቸው እንጂ ለካሜራ አያወጣም፤ ከላዩ የሚነካው እንደ አየሩ ቀዝቃዛ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ ስጠብቅ ቁጭ ብዬ ነው የማድረው» አሉ። «ሌሊት ግቢ ለግቢ የሚንቀሳቀስ ሌባ ነው።»

ጋሼ መልስ አጡ። ካሜራዋም ብትጠየቅ የምትለው ይህንኑ ነበር።

የይለፍ ቃሉ ጉዳይ ቀርቶ ነበር። መርካቴው ልጅ ሲገጥማት «12345678» ብሎ ሞልቶ ሄዷል። ልጅቱ ስትሰማ ጮኸች። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ ካሜራና ራውተር እየዞረ፣ ከፋብሪካ እንደወጡ ያልተለወጡ ከ60 የሚበልጡ የስምና የይለፍ ቃል ጥንዶችን እየሞከረ ገባባቸው። በጥቅምት 21 የተጠለፉት መሣሪያዎች የድረ ገጽ ስሞችን ወደ አድራሻቸው የሚመራውን ዳይን የተባለ ኩባንያ በአንድ ላይ አጨናንቀው ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ገጾች ለብዙ ሰው ለሰዓታት አልከፍት አሉ። የአንድ አባወራ ሰነፍ የይለፍ ቃል ማዶ ላለ አገር ተርፏል።

ጋሼ ሥራውን አክብረው ያዙት። ዱሮ ያስተማሩትን የአንድ ክፍል ተማሪዎች ስም በሮል ኮል ቅደም ተከተል እያስታወሱ የመጀመሪያ ፊደሎቻቸውን ደረደሩ፤ መሀል መሀሉ ላይ የከፋዎቹን ልጆች ውጤት በቁጥር ሰኩ። ይህን የሚሰብር ጠላፊ አልተወለደም። እትዬ ደግሞ ሰው ይረሳል ብለው የእድሩ ደብተር ጀርባ ላይ በጉልህ ጻፉት፤ ደብተሩም እንደ ወትሮው በየወሩ ለክፍያ ከገንዘብ ያዡ ዘንድ ይቀርባል።

አሁን ስልኩ ሰው ደርሶ በር ላይ ካልቆመ አይጮህም። ባለፈው ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ጮኸ። ጋሼ ለቅሶ ቤት ነበሩና ድምፁን አጥፍተውታል፤ እትዬ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ዘበኛው ገና አልገቡም። ሲልቨር ስፕሪንግ ጠዋት ነው። ልጅቱ ቡናዋን ይዛ ስልኳን ብትከፍት፣ ቁራሌው ማዳበሪያውን በትከሻው አንግቶ በሩን ያንኳኳል። ቡቺ አልጮኸበትም፤ ያውቀዋል። ልጅቱ የማይክሮፎኑን ምልክት ተጫነችና ተናገረች።

«ቤት ሰው የለም!»

ጠባቂ ሆና በዓለም ላይ ፈጽሞ የማይባለውን ነገር አለች። ቁራሌው ግራ ቀኝ ተመለከተ፤ ቀና ሲል ካሜራዋን አያት።

«ሰው ከሌለ አንቺ ማነሽ?»

«ልጃቸው ነኝ። አሜሪካ ነኝ።»

«እንዲያ ነው?» ማዳበሪያውን አወረደ። «እሺ እህቴ፣ አሮጌ ምጣድ፣ የተበላሸ ነገር፣ ብረታ ብረት የለም?»

ልጅቱ ትዝ አላት፤ ከመጋዘኑ ጀርባ ዝገት የበላው የሳተላይት ዲሽ አለ፤ አባቷ እሰጠዋለሁ እያሉ ስንት ዓመት ያቆዩት። ዋጋ ጠራች። ቁራሌው ሳቀ፤ የሷ ብር ከአገር የወጣችበት ዘመን ብር ነው፤ ብረት አሁን ስንት እንደገባ አታውቅም። ራሱ ጨምሮ ነገራት። እሷም ነቃች፤ አስጨመረች። የሰፈር ልጆች ኳሳቸውን ትተው ዙሪያውን ቆሙ።

እትዬ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በራቸው ላይ ሕዝብ ተሰብስቦ፣ ቁራሌው አንገቱን ወደ ላይ ቀስሮ ከግድግዳው ጋር ሲከራከር አገኙት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ከልጅዎ ጋር ተስማምተናል ማዘር፤ ዲሹን ልወስድ ነው» አለ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ካሜራዋ እንዳትሰማው ዞር ብሎ፣ «ይህቺም ስትበላሽ ለሌላ ቁራሌው እንዳትሰጡብኝ።»